ሌሊት የሚሰፋ እግር

ቅዳሜ ገበያ፣ ከጨርቅ ተራው ማዶ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፔዳል ተጠምዶ
የኖረ እግር አለኝ።
ቀን ቀን ሰው ያከብራል፣ ቀን ቀን ይታዘዛል፤
ልፍጠን ስል ይፈጥናል፣ ቁም ስለው ይይዛል።
ሌሊት ነው የሚከዳኝ።

በሩ ተቀርቅሮ፣ ዘመናይ ተኝታ፣
ጎኔን ሳሳርፍ ነው የሚነሣው ጌታ።
ቁስል እንዳልለው አያመኝም ነገር፣
እከክ እንዳልለው አይታከክ ነገር፤
ከባቴ ሥጋና ከአጥንቱ መሐል
አንድ ሰው መርፌ ይዞ ክር ይጎትታል።
ስነሣ ይተወኛል።
ስተኛ ይመጣል።

ስንቴ ተመላለስኩ ከደጅ እስከ ጓሮ፣
የጎንደር ሌሊት ብርድ ጆሮዬን ቆንጥሮ።
የጎረቤት ውሻ ለምዶኝ መጮኹን ተወ።
ቁልቁል ስመለከት ግንቡ ጨለማ ውስጥ ነው፤
እሱን ያስገነቡት፣ ዘውድ የጫኑት ሁሉ፣
ይኸው ስንት መቶ ዓመት ተኝተዋል አሉ።
እኔ አንዲት ሰዓት አጣሁ።
የልደታ ደወል ሲሰማ ነው ዓይኔ ሊከደን የሚያምረው፤
ያኔ ደግሞ ሱቁ ይጠራኛል።

"ልክፍት ነው" አለኝ ጎረቤቴ እንየው፣
"ጠበል ግባና እየው።"
ገባሁ። ውሃው ደግ ነበር፣ እስክደርቅ ድረስ።
አማቴ ሳቀችብኝ፦
"ቀን ያሠራኸው እግር ማታ ደሞዝ ጠይቆህ ነው።"

ግን ያልነገርኳቸው አለ።
የጥጥ ብናኝ ሲገባ አፍንጫዬ ይከፋል፤
ባስነጠስኩ ቁጥር ስፌቱ ይጣመማል።
ታናሽ ክኒን ገዛሁ። "ማታ ማታ ይዋጧት፣
እንቅልፍም ትጥላለች" አለ የሸጠልኝ ልጅ፣
ሌላ ሳይጠይቀኝ።
ዋጥኳት። እውነቱን ነው፣ ዓይኔ ተከደነ፤
እግሬ ግን ባሰበት፣ ያልተገራ ሆነ።
እንቅልፍ ስላጣሁ ሁለት አደረግኳት።
ቀኙ ብቻ ነበር፤ ግራውም ተከተለ።

በፋሲካ ማግሥት ሆዴ ተገለበጠ፤
ፕላሲል ቢሰጡኝ ትውከቱ ተቋረጠ።
ያን ሌሊት ግን እግሬ
አዘዞ ደርሶ መጣ፣
እኔ ከቤት ሳልወጣ።

ከፒያሳው ፋርማሲ ባንችአምላክ መጣች፣
"ነጭ ጋዋኔ ሰፋኝ፣ ያጥብቡልኝ" አለች።
ትከሻዋን ለክቼ ቁጭ ስል፣ ወደ ታች አየች፦
ማሽኑ ቆሟል፤ እግሬ አልቆመም።
"ጋሼ፣ ማታ ማታ ምን ይወስዳሉ?"

መሳቢያዬን ሳብኩት።
ጠመኔ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የላስቲክ ቁራጭ፣
ባለቤቱ ሞቶ ያልተወሰደ ኮት ዚፕ፣
በመሐል ክኒኖቹ።
እንደ ቁልፍ ለየቻቸው፣ በጣቷ ጫፍ እየገፋች፦
"የማስነጠሱ ይኼ ነው፤ የማስመለሱ ይኼ።
እነዚህ ከእግርዎ ጋር አይስማሙም።
ያስተኛል ያሉት ነው የሚያስሮጥዎት።"
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
"ለጭንቀት፣ ለሐሳብ ሐኪም ያዘዘልዎት ካለ
እሱንም ንገሩት፤ ሳይጠይቁት ግን እንዳያቆሙ።
ደምዎንም ይታዩ፣ ብረት አንሶዎት ይሆናል።"
"ብረት?" ብዬ ሳቅሁ፤ "ቤቴ ሙሉ መርፌ!"
እሷ አልሳቀችም። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ፦
"የት ጋ ነው የጠበበዎት? ሲቀመጡስ? ሲነሡስ?"
ስል ኖሬ፣
እኔን እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ተውኳቸው። አንድ ሌሊት ምንም የለም። ሁለት፣ ምንም።
በአምስተኛው ነቃሁ፣
ነቅቼም ደነገጥኩ፦ ለካ ተኝቼ ነበር።
ጨርሶ አልዳንኩም፤ አንዳንዴ ይመጣል፣
ግን አንኳኩቶ ነው፣ እንደ እንግዳ።

አፍንጫዬማ ያው ነው።
ሌሊት አስነጥሳለሁ። ዘመናይ ሳትነቃ
"ይማርህ" ትለኛለች።
እግሬ ዝም ብሎ ይሰማል።